ኢንጂነሩ በሌሉበት የኖሩባቸው ሃምሳ ስምንት ቀናት

ኢንጂነር አርደሺር ካምራኒ ካናዳን አይወዷትም። ይህን የማያውቅ የሠፈራችን ሰው የለም፤ ራሳቸው በሊፍት ውስጥ፣ በዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተጋድመው ሳይቀር ይናገሩታላ። ዳቦው ዳቦ አይደለም። ፀሐዩ ይታያል እንጂ አያሞቅም። ኪያሩ ሽታ የለውም። ሰዉ ቤቱ ሲጋብዝህ ስንት ሰዓት እንደምትሄድለት አብሮ ይነግርሃል።

የዚህችኑ የማይወዷት አገር የመኖሪያ ካርድ ለማሳደስ ነው እንግዲህ ባለፈው ኖቬምበር መጀመሪያ ቢሮዬ የመጡት።

ቢሮዬ ቶሮንቶ ውስጥ ዮንግ ጎዳና ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለችው አንዲት ክፍል ናት። ስሜ ጊቲ ነው። ሥራዬ የፓስፖርት ማህተም መተርጎም ነው። በእኛ በኢራን አቆጣጠር የተመታውን ቀን ወደ ካናዳ አቆጣጠር እመልሳለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ እፈርማለሁ። ይህን ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የስንቱ ባል ስንት ቀን እዚህ እንዳደረ ከሚስቱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ሕጉ ረዥም አይደለም። የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ያለው ሰው፣ ካመለከተበት ቀን ወደ ኋላ አምስት ዓመት ሲቆጠር፣ ከዚያ ውስጥ ሰባት መቶ ሠላሳ ቀን አገሩ ውስጥ ተገኝቶ መሆን አለበት። ሁለት ዓመት ማለት ነው። በቀረው ሦስት ዓመት የፈለገበት ይዙር። ከዚህ የበለጠ ልበ ሰፊ ሕግ የት ይገኛል? እኔ ግን በዚህ ሕግ ምክንያት ትልልቅ ሰዎች ወንበሬ ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ኢንጂነሩ የሚያለቅሱ ዓይነት ሰው አይደሉም። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጢማቸው በልክ የተከረከመ፣ ካፖርታቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። ኢራን ውስጥ፣ ሜይቦድ በምትባል ከተማ፣ ከታናሽ ወንድማቸው ከጎባድ ጋር የሴራሚክ ፋብሪካ አላቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሚስታቸውን ሹኩፌንና አንድ ልጃቸውን እዚህ አምጥተው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጡና ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በጋውን እዚህ፣ ክረምቱን እዚያ ናቸው። ልጅቷ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ቫንኩቨር ሥራ ይዛ ሄደች። እሳቸው ግን ያው በየዓመቱ ጁን ላይ በሦስት ሻንጣ ፒስታሽዮ ለውዝና ሳፍሮን ቅመም ይመጣሉ፣ የመጀመሪያው ቅጠል ሲረግፍ ይሄዳሉ።

ያን ቀን ትልቅ የቆዳ ቦርሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ “ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ” አሉኝ።

“አንዷ ለምንድን ነች፣ ኢንጂነር?”

“ለይሉኝታ። ሰው በልኩ አይሰጥም።”

ፓስፖርታቸውን ተቀበልኩ። አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር አጣብቀው በላስቲክ አስረውታል። ላስቲኩን ስፈታ ሳል ጀመራቸው።

“ያ ገጽ አስፈላጊ አይደለም፣ ጊቲ ኻኖም። እርጥበት ነክቶታል።”

ኻኖም በእኛ ቋንቋ እመቤት ማለት ነው፤ እርጥበት የሚባል ነገር ግን አልነካውም። ባለፈው ክረምት፣ በእኛው በመህር ወር፣ ኦክቶበር ላይ፣ ቴህራን ገብተው በኾርዳድ ወር፣ ጁን ላይ፣ የወጡበት ማህተም ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ነበሩ። ወደ ዝርዝራቸው ስመለስ ግን ከእነዚያ ቀናት ሃምሳ ስምንቱን ኢንጂነሩ ቶሮንቶ ናቸው። ያውም ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም። የደረሰኝ መዓት አያይዘዋል።

“እዚህ ላይ ጃንዋሪ ዘጠኝ ቀን አራት ዳቦ ገዝተዋል” አልኳቸው።

“ሊሆን ይችላል።”

“ከሰዓት በኋላ ፀጉር ተቆርጠዋል። ከዚያ በአውቶቡስ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ሁለት መጽሐፍ ተውሰዋል።”

“ማንበብ ጥሩ ነው።”

“ኢንጂነር፣ እርስዎ በዕድሜዎ አውቶቡስ ተሳፍረው ያውቃሉ?”

“እኔ? ለምን ብዬ!” አሉ ተቆጥተው። ከዚያ የተናገሩትን ሰሙት መሰለኝ፣ ጢማቸውን ጎተት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሾጃ የሚባል ልጅ አለ” አሉኝ። “እኔ በሌለሁበት ይኖርልኛል።”

“ምን ያደርግልዎታል?”

“ይኖርልኛል አልኩዎ። ካርዶቼን ሰጠሁት። በስሜ ይገዛል፣ በስሜ ይሳፈራል፣ በስሜ ያነባል። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለአሥራ አንድ ሰው ነው የሚኖረው። አንዱ እንዲያውም ትልቅ የልብ ሐኪም ነው። ዱባይ ተቀምጦ እዚህ በየሳምንቱ ቦውሊንግ ይጫወታል።”

ከተማችን ውስጥ ስንት ዓይነት ሥራ እንዳለ አውቃለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

እንዲህ ያለውን ወረቀት እንደማልነካ ነገርኳቸው። ውሸቱ ከተገኘ ካርዱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ለዓመታት በሩም ይዘጋል፤ የእኔም ፊርማ አብሮ ገደል ይገባል። አኮረፉ። ከዚያ፣ “እሺ፣ እውነቱን ብቻ ቁጠሪ” አሉኝ። ሲናደዱ ‘እርስዎ’ ማለታቸው ይጠፋል። ቆጠርኩ። ስድስት መቶ ሰባ ሦስት።

“ሃምሳ ሰባት ይቀራል” አሉ በቅጽበት። ሒሳብ እንኳ ይችላሉ። “ሃምሳ ሰባት ቀን ቁጭ እላለሁ፣ አለቀ።”

“ስልሳ ስድስት ነው።”

“እንዴት ሆኖ?”

“አምስቱ ዓመት አብሮዎት ይሄዳላ። ከፊት አንድ ቀን ሲጨምሩ ከኋላ አንድ ቀን ይወድቃል። የወደቀው ቀን እዚያ የነበሩበት ከሆነ ምንም አይጎዳዎትም። የዛሬ አምስት ዓመት ዲሴምበር ላይ ግን ለልጅዎ ልደት ዘጠኝ ቀን እዚህ መጥተው ነበር። እነዚያ ዘጠኙ ይወድቃሉ፤ መተካት አለብዎት።”

የቆዳ ቦርሳቸውን ዘጉ።

“ማለት ለልጄ ልደት ባልመጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር?”

“ለዚህ ሒሳብ እንኳ ልዩነት የለውም፤ ያኔም አሁንም ያው ነው።”

“የሰጠኋትን ቀን መልሳ ትወስድብኛለች ይቺ አገር!” ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ዘወር ብለው ደግሞ፣ “እኔ ይህን ካርድ ለምን እንደምፈልገው ታውቂያለሽ? እዚህ ሳልኖር ለመኖር ነው። ይሄን የሚረዳ ቢሮ የለም” አሉኝ። በዚህ እንኳ አልሳቅሁባቸውም። እኔ ጋ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ለዚሁ ነው የሚመጣው፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

እንዲህ ሆኖ ኢንጂነሩ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የካናዳን ክረምት ከዘጠኝ ቀን በላይ ሊያዩ ቁጭ አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አብዛኛውን የሰማሁት ከሹኩፌ ነው፤ ጓደኛዬ ናት። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። እዚህ ስትመጣ ብቻዋን ሊፍት መግባት ትፈራ ነበር። ዛሬ በትልቁ አውራ ጎዳና ላይ ከጭነት መኪናዎች መሃል እየተሽሎከለከች ትነዳለች፣ ማክሰኞና ሐሙስ ትዋኛለች፣ ለሙሽሮች ልብስ ታስተካክላለች፣ አልጋዋ ላይ ደግሞ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተንጋልላ ትተኛለች። የባሏን የበጋ ጉብኝት ሰው ሙቀት ሲመጣ እንደሚችለው ትችለዋለች፤ መሄጃው ይታወቃልና። አሁን ግን መሄጃው ራቀ።

በመጀመሪያው ሳምንት ኢንጂነሩ የወጥ ቤቱን ቅመም በሙሉ አወረዱና እንደ ፋብሪካ ዕቃ ቁጥር ለጠፉበት። ሹኩፌ እርድ ፍለጋ ሰባት ቁጥርን ስታገላብጥ ቀረፋ አገኘች። በሁለተኛው ሳምንት የሚዋኝበትን ቦታ ካላየሁ አሉና አብረዋት ሄዱ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በገንዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን አወጡ።

“ከባለፈው ዙር በአራት ሴኮንድ ዘግይተሻል!” ብለው ጮኹባት፤ ገንዳው ሙሉ ሰው እየሰማ።

“አርደሺር፣ ወደ ቤት ሂድ” አለቻቸው ከውሃው ውስጥ ሆና።

በሦስተኛው ሳምንት ሕንፃውን ያዙ። የመግቢያውን አዳራሽ ሴራሚክ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ፣ “ባዶ ነው! ይሄም ባዶ ነው! ማነው ይህን የሠራው?” እያሉ ተንበርክከው ሲዞሩ ጎረቤት በላያቸው እየተራመደ ያልፋል። ለሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ሰባት ደብዳቤ። ዘጠኙን እኔ ነኝ የተረጎምኩት። በአንደኛው ላይ የበር ጠባቂውን ሰላምታ ‘ከአፍንጫ የሚወጣ’ ብለውታል፤ እኔ ‘አጭር’ ብዬ አሳለፍኩት።

ነገሩን ያባሰው ግን የወንድማቸው ስልክ ነው። በየሦስት ቀኑ ለጎባድ ይደውላሉ። ያለ እሳቸው ፋብሪካው እንዳይወድቅ ነው የሚፈሩት፤ ወይም እንዳይወድቅ መፍራት ነው የሚወዱት።

“ምድጃው እንዴት ነው?” ይላሉ፤ የስልኩ ድምፅ በትልቁ ተከፍቶ ሹኩፌም ትሰማለች።

“አታስብ ወንድም ዓለም። አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ ቀን አልቆመም።”

“ሠራተኛውስ? እየተንጫጫ ነው?”

“ኧረ ምን ሆኖ! ጠዋት ሻይ እየጠጣ ነው የሚገባው። እንዲህ ሰላም ሆኖ አያውቅም። አንተ ዝም ብለህ እረፍ፤ እንደፈለግህ ቆይ።”

ስልኩን ከዘጉ በኋላ ወጥ ቤት ገብተው ቅመሞቹን ሌላ ቁጥር ይለጥፉባቸዋል።

ዲሴምበር ሲጋመስ፣ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ሹኩፌ በጠዋት ቢሮዬ ገባች። ኮፍያዋ ላይ በረዶ አለ። ወንበር አልያዘችም። ከቦርሳዋ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገችው። ሽፋኑ ላይ አንዲት እርጉዝ ሴት በሁለት እጇ ሆዷን ታቅፋለች። ‘መንታ እየጠበቁ ነው? የመጀመሪያው ዓመት’ ይላል።

“ይህ ምንድን ነው?” አልኳት።

“እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። ትናንት ከቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ተደወለ። አቶ አርደሺር ካምራኒ ሲጠባበቁት የነበረው መጽሐፍ ደርሷል አሉ። ደስ አለኝ እኮ! የሴራሚክ መጽሐፍ ይሆናል፣ ትንሽ ተቀምጦ ያነባል፣ እኔም ትንሽ አርፋለሁ ብዬ ራሴ ላመጣለት ሄድኩ። ልጅቷ ይህን ሰጠችኝ። ሰጥታኝ ስታበቃ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ ‘እንኳን ደስ ያለዎ’ አለችኝ። በሃምሳ አራት ዓመቴ!”

“ሹኩፌ…”

“ቆይ፣ አላለቀም። ሌላስ ምን ተውሷል ብዬ ጠየቅኋት። ዘረዘረችልኝ። የእርጉዝ ሴት ምግብ። የእርጉዝ ሴት የጀርባ ሕመም። የሕፃናት ስም መጽሐፍ። አባት መሆን ለጀማሪዎች። ጊቲ፣ ጀማሪ! ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ አይደል? አንቺ የሁሉንም ሰው ወረቀት ታያለሽ። ንገሪኝ። ሜይቦድ ነች ወይስ እዚሁ?”

እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ግን ደንበኛዬ የነገረኝን ለሚስቱ ካወራሁ ከነገ ጀምሮ ከዳቦ ቤቱ በላይ ማን ይወጣል? ስልኩን አነሳሁና ኢንጂነሩን፣ “አሁኑኑ ይምጡ” አልኳቸው። ለአዲስ ደብዳቤ መስሏቸው በአሥር ደቂቃ ደረሱ። ሚስታቸውን አዩ። መጽሐፉን አዩ። ካፖርታቸውን ቁልፍ በቁልፍ ፈቱና ተቀመጡ።

“አርደሺር” አለች ሹኩፌ፤ አልጮኸችም። “ስንት ዓመቷ ነው?”

“የማን?”

“የመንታዎቹ እናት።”

በሕይወቴ ብዙ ፊት አይቻለሁ፤ ያን ፊት ግን አልረሳውም። በመጀመሪያ ምንም አልገባቸውም ነበር። ከዚያ ገባቸው። የቤተ መጻሕፍት ካርዳቸውን ከሾጃ መልሰው አልተቀበሉም ነበር፤ እሱም ዝም ብሎ ሲጠቀምበት ኖሯል። እውነቱን ተናግረው ነገሩን ወዲያው ማጥፋት ይችሉ ነበር። አልተናገሩም። ኢንጂነሩ በልባቸው እየመዘኑ እንደነበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በአንድ ወገን፣ የሚኖርላቸውን ሰው ቀጥረው መንግሥትን ሊያታልሉ የሞከሩ ሰው መሆን አለ። በሌላ ወገን፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ወጣት ሚስትና መንታ ልጆች ያሏቸው ሰው መሆን አለ። እግዜር ይይላቸው፣ ጀርባቸው ትንሽ ቀና ሲል አየሁ።

“ኢንጂነር!” አልኳቸው።

ደነገጡና ወደ ራሳቸው ተመለሱ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ሾጃን፣ ካርዶቹን፣ ሃምሳ ስምንቱን ቀን፣ ያልተሳፈሩበትን አውቶቡስ። ሹኩፌ ሰምታ እስክትጨርስ አንዴም አላቋረጠቻቸውም።

“ማለት ባለፈው ክረምት አንተ ሜይቦድ ሆነህ” አለች በመጨረሻ፣ “ሌላ ሰው እዚህ አንተን ሆኖ ይኖር ነበር።”

“በወረቀት ብቻ።”

“እኔ ከምኖርበት ሁለት ማቆሚያ ወረድ ብሎ ዳቦ ይገዛ ነበር።”

“ለማስረጃ ያህል ነው፣ ሹኩፌ።”

“መጽሐፍም ያነብ ነበር።”

“እሱ እንኳ በውሉ አልነበረም።”

“አንተ ከተጋባን ወዲህ አንድ መጽሐፍ ጨርሰህ አታውቅም” አለችና ኮፍያዋን አደረገች። “ተነሣ። ሰውዬውን አሳየኝ።”

“ምን ያደርግልሻል?”

“ባሌ ነው እኮ። ልተዋወቀው።”

እኔም ቢሮዬን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ሥራዬ አይደለም፤ ግን ማን ይቀራል?

ሾጃ ከባቡሩ መስመር መጨረሻ አጠገብ ምድር ቤት ነው የሚኖረው። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል ልጅ ነው። በሩን ሲከፍት ኢንጂነሩን አየና የታላቅ ወንድሙን ያህል አቀፋቸው። ሚስቱ ጎልናር ከሶፋው ልትነሣ ሞክራ አልቻለችም፤ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ፖስታ በሚስማር ተሰቅሏል፤ በእያንዳንዱ ላይ ስም። ጠረጴዛው ላይ የዳቦ ክምር አለ፤ ረዣዥሙ በጠጠር ላይ የሚጋገረው ዳቦ።

“ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል?” አለች ሹኩፌ።

“እኛው ነን፣ ኻኖም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ከዳቦ ሌላ ብዙም አናውቅም” አለ ሾጃ። ከዚያ የመጣችበትን ምክንያት ስትነግረው እንደ መኩራት አደረገውና የኢንጂነሩን ፖስታ አወረደ። “ይኸው ሕይወታቸው። ከሁሉም ደንበኞቼ የተዋጣላቸው እሳቸው ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። በየሦስት ሳምንቱ ፀጉር ይቆረጣሉ። ሰው ሁልጊዜ ጤነኛ ከሆነ ስለሚያጠራጥር ጃንዋሪ ላይ ትንሽ ጉንፋን አስያዝኳቸው፤ የሳል ሽሮፕ ደረሰኝ አለ። ለያልዳ፣ ለረዥሙ ሌሊት በዓላችን ደግሞ ይኸው፣ አበባ ገዝተዋል።”

“አበባ?” አለች ሹኩፌ።

“ቀይ ጽጌረዳ። ሚስት ያለው ሰው አይደሉ? በበዓል ቀን አበባ ያልገዛ ባል ማን ያምነዋል?”

ሹኩፌ ወደ ባሏ ዘወር አለች። ባሏ የጣሪያውን ቧንቧ እየመረመሩ ነበር።

“አበባው የት ሄደ?” አለች።

ሁላችንም ቀስ በቀስ ወደ ጎልናር አየን። ልጅቷ እንደ ጽጌረዳው ቀላች።

“በጣም ቆንጆ ነበር፣ ኻኖም” አለች ቀስ ብላ። “ሁለት ሳምንት ቆየልኝ።”

ሹኩፌ ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ለጎልናር ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። “የሦስት ሳምንት ጊዜ አለሽ። በቀኑ መልሺ፤ በባሌ ስም ነው” አለቻት። ከዚያ ለሾጃ፣ “አንተ ደግሞ መንታ እየመጣብህ ነው። አሥራ አንድ ሰው ከምትሆን አንድ ሰው ሁንና ሥራ ፈልግ። አንድ ቀን ይይዙሃል።”

“ኻኖም” አለ ሾጃ፣ እየሳቀ ሳይሆን ከልቡ፣ “በዚህ ከተማ አንድ ሰው ሆኖ የቤት ኪራይ የሚችል ያውቁ ይሆን?”

ኢንጂነሩ ይህን ጊዜ፣ “እኔ ካርዶቼን ብቻ ነው የምፈልገው” አሉ ኮስተር ብለው፤ የተበደሉት እሳቸው ይመስል። የአውቶቡሱን ካርድ ግን ሹኩፌ ቀድማ ወሰደችው።

“ይህን አንተ ትይዘዋለህ” አለቻቸው ደረጃውን ስንወጣ። “መኪናው የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ደክሞኛል።” ገብታ አስነሥታ ሄደች። እኔን እንኳ አልጠበቀችኝም። እኔና ኢንጂነሩ በረዶ ላይ ቆመን አውቶቡስ ጠበቅን። ሲመጣ ካርዱን የት እንደሚያስነኩት አላወቁም፤ ለሹፌሩ ሰጡት። ሹፌሩ መልሶ ሰጣቸው። ከኋላችን ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። እጃቸውን ይዤ አስነካሁላቸው፤ ማሽኑ ጲጵ ሲል እንደ ልጅ ደነገጡ።

የቀሩትን ቀናት በፀጥታ ተቀመጡ ብል ውሸት ይሆናል። ደብዳቤው ሃያ ሦስት ደረሰ። ግን ገንዳው ዳር መሄድ ተዉ፤ ቅመሞቹም ላይ የተለጠፈው ቁጥር በእንፋሎቱ እየተላቀቀ ሲረግፍ መልሰው አልለጠፉትም። ሹኩፌ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከ‘ሻይ ትፈልጋለህ?’ ያለፈ ቃል አልተናገረቻቸውም። ባለፈው ዓመት የት እንደነበሩ ማወቋ አይደለም ያስቆጣት፤ እሱንማ ድሮም ታውቃለች። “የእኔ ባል ሆኖ ለመታየት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ያ ልጅ አስቦ አገኘው” አለችኝ። “እሱ አስቦበት አያውቅም።”

ጃንዋሪ ላይ ስልሳ ስድስቱ ሞላ። እኔ አምስት ቀን ጨምሬ አስቀመጥኳቸው፤ ቢሮክራሲ ሲቆጥር አንዳንዴ ጣት ይጎድለዋል። ተሳደቡ፣ ተቀመጡ። ያመለከቱት በእውነተኛው ቀን፣ ላስቲክ በሌለው ፓስፖርት ነው። የሾጃን ደረሰኞች አንድ በአንድ ቀደድኳቸው፤ የአበባውን ግን ሹኩፌ ጠየቀችኝና ሰጠኋት። ምን እንዳደረገችው አላውቅም።

ካርዱ ኤፕሪል ውስጥ መጣ። ኢንጂነሩ በሦስተኛው ቀን ተሳፈሩ። አውሮፕላን ጣቢያ ያደረሳቸው ታክሲ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ሳይደውሉ፣ ያለ ፒስታሽዮ፣ በአንድ ሻንጣ። ለሠፈሩ ሁሉ፣ “ቀን ልሰበስብ ነው፤ ዘንድሮ ቀደም ብዬ ጀመርኩ” ይላሉ። ሹኩፌ ግን ከጎባድ ሚስት ሰምታለች። ጎባድ የወንድሙን ቢሮ ግድግዳ አፍርሶ የሴራሚክ ማሳያ ክፍል አድርጎታል። ጠረጴዛቸውን መጋዘን አስገብቶላቸዋል፤ “ለክብርህ አልጣልኩትም” ብሏቸዋል። ሠራተኛው ተነሥቶ ሰላም አላቸው፣ ሻይ አመጣላቸው፣ መቼ እንደሚሄዱም ጠየቃቸው። አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ውለዋል።

ሹኩፌ የልጃቸውን ክፍል ሰጠቻቸው። የአልጋ ልብሱ ላይ ትንንሽ ፔንግዊን አለበት፤ የኢንጂነሩ እግር ከጫፉ ይወጣል። ስለ ሴራሚክ ብዙም አያወሩም አሁን። ጠዋት ዳቦ ያመጣሉ፤ ሁልጊዜ አንድ ዳቦ ያበዛሉ።

ባለፈው ሐሙስ ሹኩፌ አንዲት ሙሽራ የላከቻትን የጋብቻ ወረቀት ልታስተረጉም መጥታ ነበር።

“ለምን ያህል ጊዜ ነው የልጅ ክፍል?” አልኳት።

“እስኪለምድ።”

“ምኑን? ብርዱን?”

“እኔን” አለችኝ። የመኪና ማቆሚያው ሰዓት ሊያልቅባት ስለነበር ቦርሳዋን አንሥታ በሩጫ ወረደች።